የግሩፕ ፕሮጀክት ይቅር ለሚሉ

ወደ የትኛውም የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ብትሄዱ አንድ ክስ ትሰማላችሁ። በሁለተኛው የፕሮግራሚንግ ኮርስ የሚሰጠው የግሩፕ ፕሮጀክት የሰነፍ መሸሸጊያ ነው ይላል ክሱ። አንዱ ኮድ ሲጽፍ ያድራል፣ አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ፣ ማርኩ ለአምስቱም እኩል ይታደላል። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ይቅርና ሁሉም በየራሱ ይፈተን። ጎበዙ ተማሪ ይህን የሚለው ስለተበደለ ነው። መምህሩ የሚለው ተመሳሳይ ሪፖርት ማንበብ ስላንገሸገሸው ነው። ክሱ ከሁለቱም ወገን ደጋፊ ስላገኘ አሁን አሁን እንደተፈረደበት ነገር ይወራል።

እኔ ይግባኝ እላለሁ። ፕሮጀክቱ ከወጣ ሁለተኛው ኮርስ የመጀመሪያው ኮርስ ድጋሚ ይሆናል። የጎደለው ዳኝነት ነው፤ ዳኝነት ደግሞ ማምጣት ይቻላል።

በቅድሚያ ለከሳሾቹ እውነታቸውን ልስጥ። የፕሮጀክቱ ርዕስ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ የላይብረሪ ማኔጅመንት ሲስተም፣ የተማሪዎች ምዝገባ ሲስተም፣ የሆስፒታል ማኔጅመንት ሲስተም። ካለፈው ባች የተወረሰ ኮድ በፍላሽ ይዞራል፣ የዩኒቨርሲቲው ስምና ቀኑ ይቀየራል፣ ሪፖርቱ ይጠረዛል። በማቅረቢያው ቀን ሱፍ የለበሱ ስድስት ልጆች ፓወር ፖይንት ከፍተው ይሰለፋሉ። መምህሩ ስለ ኮዱ አንድ ጥያቄ ሲወረውር አምስቱ ዞረው አንዱን ያያሉ። ከግቢው አጥር ውጭ ደግሞ «ፕሮጀክት እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ በየምሰሶው ተለጥፏል፤ ማማከር ማለት ጽፎ መሸጥ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ለግሩፕ ያለን ጥላቻ ሥርም አለው። በ2000ዎቹ ዓመታት «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት ከቀበሌ እስከ መማሪያ ክፍል ሲዘረጋ ጎበዙ ተማሪ መሪ ተብሎ አምስት ሰው ተሰጠው። ተማሪዎች እንዲረዳዱ ነው ቢባልም ቅጽ መሙላቱና ሪፖርቱ ገነነ፤ ብዙዎችም የመቆጣጠሪያ መረብ አድርገው አዩት። በዚያው ዘመን መንግሥት ከመቶው ተማሪ 70ውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መደበ፤ ክፍሉ ሞላ፣ ላቦራቶሪው አልበቃ አለ፣ መምህሩም የሚያርመውን ለመቀነስ ተማሪውን በስምንትና በአሥር ማቧደን ጀመረ። ግሩፕ የማስተማሪያ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የወረቀት መቀነሻ ሆነ። በዚህ ያለፈ ተማሪ «ድር ቢያብር» የሚለውን ተረት ሲሰማ ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም።

ነገር ግን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ሳይጠይቅ ማርክ ያደለውን አሠራር ትተን ፕሮጀክቱን እየደበደብን ነው።

ሁለተኛው ኮርስ ለምን እንደሚሰጥ እናስታውስ። የመጀመሪያው ኮርስ ቫሪያብል፣ ሉፕ፣ አሬይ፣ ፈንክሽን ያስተምራል። አንድ ተማሪ፣ አንድ ፋይል፣ መቶ የማይሞላ መስመር። በዚያ ደረጃ ሁሉም ነገር በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል። የአሜሪካው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ሥርዓተ ትምህርት አንደኛና ሁለተኛ ብሎ የለያቸው ኮርሶች ዛሬም በእኛ ካሪኩለም ውስጥ ዘር አላቸው። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ክላስ፣ ኢንተርፌስ፣ ኢንሄሪታንስ፣ ኤክሴፕሽን ይመጣሉ፤ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ በጃቫ።

እነዚህ ነገሮች ለማን ተፈጠሩ? ለማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑ ኮዱ በአንድ ፋይል ይሁን በመቶ ክላስ ደንታ የለውም። የተፈጠሩት አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያበላሽ እንዲጠቀምበት ነው። ብቻውን ለሚሠራ ተማሪ «ፕራይቬት» የሚለው ቃል ምን ስሜት ይሰጠዋል? የራሱን ቫሪያብል ከማን ነው የሚደብቀው? ስለዚህ ሕጉን ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይ ይጽፈዋል፣ በሳምንቱ ይረሳዋል። ጓደኛው ያለ ፈቃድ ገብቶ የሂሳቡን ቀሪ የቀየረበት ተማሪ ግን «ፕራይቬት» ለምን እንዳለ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ዓለም ይህን የተማረው በኪሳራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመን ጋርሚሽ ከተማ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ያወሩት ከተባለው ጊዜ ስለሚዘገይ፣ ከበጀት ስለሚያልፍና ሲደርስም ስለማይሠራ ሶፍትዌር ነበር። የአይቢኤምን ትልቁን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያሠራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ የዘገየ ፕሮጀክት ላይ ሰው ብትጨምርበት ይብሱን ይዘገያል አለ። ምክንያቱ ስሌት ነው። አራት ሰው እርስ በርስ ሲነጋገር 6 መስመር አለ፤ ስምንት ሰው ሲሆን 28። ይህንን የሚያውቅ መምህር ስምንት ተማሪ በአንድ ግሩፕ አይከትም። ከትቶ ሲያበቃም ግሩፕ አይሠራም ብሎ አይመሰክርም።

አሁን ነገሩን ወደ መሬት እናውርደው። ከ4 ኪሎ ተነሥቶ በፒያሳ አድርጎ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ያገኛል፤ በ1900 ዓ.ም. በተቋቋመው የምኒልክ ካቢኔ የጦር ሚኒስትር በነበሩትና በዳኝነታቸው በሚወሱት በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የሚጠራውን። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ገበያ ለዚህ ኮርስ የሚበቃ የፕሮጀክት ርዕስ ሞልቶታል፤ ርዕሱን ፍለጋ ያለፈውን ባች ፍላሽ መበርበር አያስፈልግም።

አንድ የጅምላ መደብር እንውሰድ። ባለቤቱ ለክፍለ ሀገር ቸርቻሪዎች በዱቤ ይሰጣሉ። ሂሳቡ ጠርዙ በተላላጠ ደብተር ላይ ነው፤ ስም፣ የካርቶን ብዛት፣ የተከፈለ፣ የቀረ፣ «ከፋሲካ በኋላ» የሚል ቀጠሮ። አራት ተማሪዎች ሄደው ይህን ወደ ኮምፒውተር እናምጣልዎ ይሏቸዋል። የመጀመሪያው መልስ «ከገቢዎች ናችሁ?» ነው። «ኧረ ጋሼ፣ ተማሪዎች ነን» ብለው ማሳመን፣ ደብተሩን ሳይነኩ አጻጻፉን ብቻ ማየት፣ በፈጠራ ስም መሞከር አለባቸው። ከዚህ በላይ የተጠቃሚን ፍላጎት ማጥናት የሚባል ምዕራፍ የለም። ጥቅሙም ለእሳቸው ግልጽ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የተነሣው እሳት የስንቱን ነጋዴ ንብረት እንደበላ መርካቶ አይረሳውም፤ ደብተሩ ከሱቁ ሌላ ቦታ የሌለው ነጋዴ ሱቁ ሲነድ ማን ምን እንዳለበት የሚያውቅበትም አብሮ ይነዳል።

አራቱ ሥራ ይከፋፈላሉ። አንዷ ደንበኞችን፣ አንዱ ዕዳና ክፍያን፣ ሦስተኛው ቀጠሮን፣ አራተኛዋ ማሳያውን ትይዛለች። በየግላቸው ሁሉም ይሠራል። ሲገጣጠም ጉድ ይፈላል። የዕዳው ልጅ ገንዘብን በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር ይዟል፤ የማሳያዋ ልጅ ብር መስሏት 1,250 ብሩን 125,000 አድርጋ ታወጣዋለች። አስተካክሉ ሲባሉ ሁሉንም በአሥርዮሽ እናድርገው ይላሉ፤ ከዚያ ጃቫ 0.1 እና 0.2ን ደምሮ 0.30000000000000004 ሲላቸው ለምን ሙሉ ቁጥር እንደተመረጠ ይገባቸዋል። ይህን ስምምነት በጽሑፍ አስቀምጠው ሁሉም በዚያ ሲሄዱ ኢንተርፌስ ማለት ምን እንደሆነ አወቁ ማለት ነው።

ቀጠሮው ይባስ ነው። የጃቫ መደበኛ የቀን ላይብረሪ የጃፓንን፣ የታይዋንን፣ የታይላንድንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዟል፤ የእኛን አልያዘም። ነጋዴው ግን «ለጳጉሜን» ሲሉ ጳጉሜን ማለታቸው ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ተማሪ አሥራ ሦስት ወር የሚያውቅ ክላስ ራሱ መጻፍ ወይም ሌሎች ጽፈው ያኖሩትን ፈልጎ ማምጣት አለበት። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ትክክለኛ ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን ግን የለም። ይህን የሚያውቀው ኮዱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ሲፈትንለት ነው። የራሱን ኮድ ራሱ የሚፈትን ተማሪ እንደሚሠራ የሚያውቀውን ቀን ነው የሚያስገባው።

ስሙስ? የደንበኞቹ ልጅ «ሀብተ ጊዮርጊስ» ብላ መዝግባለች። የመደብሩ ጸሐፊ በማግስቱ «ኃብተ ጊዮርጊስ»፣ በሳልስቱ ሁለቱን ቃል አጋጥሞ «ሐብተጊዮርጊስ» ይላል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በብዙ ሰዎች ድካም ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀም ሐም ኀም ለየራሳቸው ቁጥር አገኙ፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ባለዕዳ ለሦስት ተከፈለ፣ ዕዳውም ተበተነ። ይህን ማን ያስተካክል? መዝጋቢዋ ናት ወይስ ፈላጊው? ሲመዘገብ ፊደሉ ወደ አንድ ይቀየር ወይስ የተጻፈው እንዳለ ቆይቶ ሲፈለግ ብቻ ይመሳሰል? ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፤ አራቱ በአንዱ ካልተስማሙ ግን የትኛውም አይሠራም። በምርጫ ፈተና የሚጠየቅ ነገር አይደለም፣ በግል አሳይመንትም አይመጣም።

ወደ ዋናው ክስ ልመለስ፦ ስለ ሰነፉ። ከሳሾቻችን ኢትዮጵያዊ በጋራ መሥራት አይችልም እስከማለት ይደርሳሉ። እነሱ ይህን በሚሉበት ከተማ መርካቶ በዕቁብ ነው የሚነግደው። ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ የማይጠፋው ሁሉም ቅን ስለሆነ ነው? አይደለም። ብሩ ሳይሰጠው ዋስ ይጠራል። ጸሐፊው ማን ምን ቀን እንደጣለ ይጽፋል። ያረፈደ ይቀጣል። ክርክር ሲነሣ የዕቁቡ ዳኛ ይፈርዳል፣ ፍርዱም ይፈጸማል። የእኛ የግሩፕ ፕሮጀክት ዋስ፣ ጸሐፊና ዳኛ የሌለው ዕቁብ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቁብ ቢበላ ማን ይደነቃል?

ስለዚህ እነዚህን እናስገባ። ጸሐፊው ጊት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ይህ ፕሮግራም ማን የትኛውን መስመር መቼ እንደጻፈ ይመዘግባል። «ኢንተርኔት የለንም» የሚለው ሰበብ እዚህ አይሠራም፤ ጊት ታሪኩን ሁሉ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሚይዝ መረብ በሌለበት ይሠራል፣ በፍላሽም ይለዋወጣል። ግን መዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ ጎበዙ በሰነፉ ስም ጽፎ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ዋስ ያስፈልጋል፦ እያንዳንዱ ተማሪ በቃል ይጠየቅ። መምህሩ ኮዱን ከፍቶ አንዲት መስመር ላይ ጣቱን ያኑርና «ይቺን ባጠፋት የማንኛችሁ ክፍል ይበላሻል?» ይበል። ደግሞ አንዷን ተማሪ ጓደኛዋ የጻፈውን እንድታስረዳ ይጠይቃት እንጂ የራሷን ብቻ አይጠይቃት። ከመቶው 40ው ለግሩፑ ሥራ፣ 60ው ለየግል መልስ ይሁን። ሁለት ጊዜ የተነገረውን ያልሠራ አባል በጽሑፍ ማስረጃ ከግሩፑ እንዲሰናበትና ብቻውን ትንሽ ሥራ እንዲሰጠው ሕግ ይውጣ። መምህሩም የዳኝነት ወንበሩ ላይ ይቀመጥ።

«ለዚህ ጊዜ የለኝም» የሚል መምህር እንዳለ አውቃለሁ። እስቲ እንቁጠረው። 60 ተማሪ በአራት በአራት ሲመደብ 15 ግሩፕ ነው። ለአንዱ ግሩፕ 20 ደቂቃ ብንሰጥ 5 ሰዓት ይሆናል። አሁን የሚያርመው በየግሩፑ 40 ገጽ ሪፖርት ከሆነ 600 ገጽ ነው፤ አብዛኛው ካለፈው ዓመት የተገለበጠ። ሪፖርቱን ወደ አምስት ገጽ አሳጥሮ በተረፈው ጊዜ ተማሪውን ማነጋገር ሥራ መጨመር አይደለም።

ሁለተኛው ክርክራቸው የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳያልፈው አይመረቅም፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ፈተናው ምርጫ ነው፣ በግል ነው፣ ስለዚህ ማስተማሩም በግል ይሁን ይላሉ። ድንጋጤው ይገባኛል። ግን ምርጫ ፈተና የሚጠይቀው «ይህ ኮድ ምን ያወጣል» የሚለውን ነው፤ ያንን ደግሞ ሰው የጻፈውን ኮድ አንብቦ ስሕተት ሲያሳድድ የከረመ ተማሪ ከሸምዳጁ በምን ያንሳል? ከዚያም በላይ ፈተናው የመመረቂያ በር ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው ሥራ ባንክም ይሁን ቴሌ፣ ጀማሪ ኩባንያም ይሁን መሥሪያ ቤት፣ ማንም ሰው ከባዶ የሚጀምርበት አይደለም። አዲስ የተቀጠረው ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው የቀድሞው ሠራተኛ ጥሎት የሄደውን ኮድ ነው።

ሦስተኛው ክርክር አዲስ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮዱን በሰከንድ ከጻፈው ፕሮጀክት ምን ያደርጋል ይላሉ። ይህ ክርክር የሚያፈርሰው የእነሱኑ አማራጭ ነው። በማሽኑ ዋጋ ያጣው ቤት ተወስዶ የሚሠራው የግል አሳይመንት ነው፤ ጥያቄውን ለጥፎ መልሱን መቅዳት ነውና። ማሽኑ ጥያቄ ሲቀርብለት ጳጉሜንን የሚያውቅ ክላስ ይጽፍ ይሆናል። ነጋዴው ደብተራቸውን ለምን እንደማያሳዩ፣ ዕዳው በሳንቲም ይያዝ ብለው አራቱ የተስማሙት መቼ እንደሆነ፣ ስሕተት ሲገኝ ማን እንደሚጠየቅ ግን አያውቅም። ኮድ መጻፍ በረከሰ ቁጥር ሌላው የጻፈውን ማንበብ፣ መመርመርና በራስ ስም መቀበል ይወደዳል። ያ ደግሞ በግሩፕ ፕሮጀክት እንጂ በየትም አይለመድም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አገሪቱ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናን ጀመረች። ሠልጣኙ በየቤቱ ከስክሪን ፊት ተቀምጦ በነፃ ይማራል፣ ሰርተፊኬት ይወስዳል። መልካም ነው፤ ይስፋፋ። ግን ይህ ካለ አንድ ወጣት አራት ዓመት ዶርም ውስጥ እያደረ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ምን ሊያገኝ ነው? ብቻውን መማር የሚቻለውንማ በስልኩ አገኘው። ዩኒቨርሲቲው ያለው፣ ስክሪኑ የሌለው ሀብት አንድ ነው፦ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ያሉ ሌሎች ተማሪዎችና ሊዳኛቸው የሚችል መምህር። የግሩፕ ፕሮጀክቱን የሚሰርዝ ትምህርት ክፍል ይህንኑ ሀብቱን በገዛ እጁ ይጥለዋል።

እናም ለትምህርት ክፍሎቹ የምለው ይህ ነው። ካሪኩለም ስትከልሱ የፕሮጀክቱን ክሬዲት አትንኩ። በግሩፑ ከአራት በላይ አታስገቡ፣ የላይብረሪ ማኔጅመንት ሲስተምን አግዱ፣ ሳይጠየቁ ማርክ አትስጡ። ጎበዝ ተማሪ ሆይ፣ አንተም የሰነፉን ስም ሽፋኑ ላይ የጻፍከው በራስህ እጅ ነው። ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ አትጻፍለት፤ መምህርህ ዝም ካለም በጽሑፍ ክሰስ።